እማዬ የፎል ጠረጴዛዬን ወጥ ሰራችው

ቀጤማ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለዚህ ቤት፣ ይሄን ስጽፍ እየሳቅኩ ነው ቅዳሜ ማታ ግን ለማልቀስ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

አሜሪካ ከገባሁ 11 ዓመት ሆነኝ። በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ፣ ፎል የሚሉት ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ማለት ነው፣ የጎረቤቶቼ ደጃፍ በዱባ ይሞላል፣ እኔም በየዓመቱ ዘንድሮስ እላለሁ ግን ሁለት ስራ ለሚሮጥ ሰው ዱባ የማሳመር ጊዜ ከየት ይመጣል። ዘንድሮ እማዬ ከደብረ ማርቆስ መጣችልኝ። እሁድ ዘመድ ወዳጅ እንኳን ደህና መጣሽ ሊላት ይመጣል፣ ስለዚ በቃ ጠረጴዛዬን እንደ ሰው ላስውበው ብዬ ተነሳሁ።

ከልጄ ጋር ፍሬድሪክ አካባቢ ያለ የዱባ እርሻ ሄድን፣ ጋሪ ይሰጡሻል ጭቃ ለጭቃ እየጎተትሽ ትመርጫለሽ። አንድ ትልቅ ብርቱካናማ 18 ፓውንድ የሚመዝን፣ አራት ነጫጭ የቡጢ ያህል፣ ከዛ እነዛ ኪንታሮት የወጣባቸው የሚመስሉ ዝንጉርጉር ትንንሽ ቅሎች፣ አንድ እቅፍ ደግሞ የደረቀ ማሽላ። አዎ ማሽላ! እዚህ ብሩም ኮርን ብለው በሪባን አስረው ለጌጥ ይሸጡታል። አርብ ማታ ከስራ ገብቼ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ስደረድር አመሸሁ። መሀል ላይ እማዬ ራሷ ሰፍታ ያመጣችልኝን ሰፌድ አስቀመጥኩ፣ ትልቁን ዱባ እላዩ ላይ፣ ነጮቹን ዙሪያውን፣ ማሽላው በጎን ተዘናፍሎ፣ ሻማ ምናምን... ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ሁሉ ላኩ።

እማዬ ጠዋት ተነስታ አየችው። ዞረችው። በጥፍሯ ቧጨር አደረገችው። ከዛ "ስንት ገዛሽው?" አለችኝ። አራት ዶላር ብዬ ዋሸኋት (22 ነው)። እሱንም በብር መታችና ከንፈሯን መጠጠች። "ማሽላውስ ለዶሮ ነው?" ለጌጥ ነው እማዬ ስላት ዝም አለች፣ እናቴን የሚያውቅ ሰው ዝም ስትል መፍራት እንዳለበት ያውቃል እኔ ግን ሺፍት ረፍዶብኝ ሮጥኩ።

ማታ በሩን ስከፍት የቁሌት ሽታ ተቀበለኝ። ጠረጴዛው ላይ ሰፌዱ ብቻ ቀርቷል፣ እላዩ ላይ የዱባ ፍሬ ታጥቦ ተሰጥቷል። "ምነው ልጄ፣ ጽጌን እየጾምን ምግብ እንዲህ ተጎልቶ ሲበሰብስ ዓይኔ እያየ?" አለችኝ ማማሰያዋን እንደያዘች። ምን ልበላት?

የባሰው ግን እሁድ ነው። ወጡ አልጠነክር አለ። ስታፈላው ስታፈላው እንደ ሾርባ እንጀራው ላይ ይሮጣል። ከአርባ ዓመት በላይ ወጥ የሰራች ሴት በእንግዳ ፊት አፈረች፣ ለሚገባው ሁሉ "የፈረንጅ ዱባ ውሃ ነው፣ መልኩ ነው እንጂ" እያለች ስታስረዳ ዋለች። እኔ ደግሞ ለፎቶው ያገኘሁትን ላይክ ሳይ ሆዴን በላኝ። እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ ቤት ይሄ የፎል ጠረጴዛ ነገር አለ ወይ? ደግሞስ ለወጥ የሚሆነው ዱባ የቱ ነው?

የአራት ኪሎ ልጅ

ካካካካ "ማሽላውስ ለዶሮ ነው" ገደለኝ። ማዘር እኮ ትክክል ናቸው፣ ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ያለው ሰውዬ አንቺን አስቦ ነው። ወይ ጌጥ ግዢ ወይ ወጥ ግዢ።

ሚሚ (ዴንቨር)

የኔ እህት እናትሽን ዱባው ነው ያሳፈራቸው እጃቸው አይደለም፣ ንገሪያቸው በእናትሽ። ያ ትልቁ ብርቱካናማ ዱባ እኮ ለመቅረጽ ተብሎ የተዳቀለ ነው። ቅርጹ እንዲያምር፣ ቆዳው እንዲጸና፣ ሆዱ ባዶ እንዲሆን ነው የሚፈለገው። ሥጋው ስስ ነው ክር ክር ይላል ውሃ ያዘለ ነው። ማንም ባለሙያ ከሱ ወጥ አያወጣም።

ለወጥ የሚሆነውን ልንገርሽ፣ በተርነት ስኳሽ የሚሉት አንገተ ረጅሙ አለ፣ እሱ ጥሩ ነው። ከሱ የሚበልጠው ግን ካቦቻ ነው፣ አረንጓዴ ጠፍጣፋ፣ የኮሪያና የጃፓን ሱቅ አይጠፋም። ሲበስል እንደ ድንች ድርቅ ብሎ ይጣፍጣል፣ የሀገር ቤቱን ዱባ ያስታውስሻል። ትንሿ ክብ ፓይ ፓምፕኪን የምትባለውም ታስኬዳለች። ሽንኩርቱን በደንብ አቁላይው፣ በርበሬው ይብሰል፣ ነጭ ሽንኩርት ዝንጅብል ጨምሪ፣ ዱባውን በትልልቁ ክተፊው፣ ውሃ ከግማሽ ኩባያ አይበልጥ፣ ከዛ ክደኝው እና አታማስይ!! የምታማስይ ከሆነ ገንፎ ነው የምትበይው።

ዘጽጌ

እህቶቼ አትቀየሙኝና እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። ይሄ ዱባ መደርደር የሃሎዊን ነው፣ ሃሎዊን ደግሞ የምናውቀው ነው፣ አጽም እና ጠንቋይ በር ላይ የሚሰቅሉበት። በኛ አቆጣጠር ኦክቶበር 31 ማለት ጥቅምት 21 ነው፣ የእመቤታችን ቀን፣ ያውም በዘመነ ጽጌ። ልጆቻችን ማኅሌተ ጽጌ ማደር ሲገባቸው ከረሜላ ሊለምኑ ይዞራሉ። እናትየው ዱባውን ቆርጠው ጾም ማድረጋቸው እኔ እንደሚመስለኝ እግዚአብሔር ነው ያናገራቸው።

ቀጤማ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

@ዘጽጌ ወንድሜ አልቀየምም፣ ግን እኔ ቤት አጽምም ጠንቋይም የለም። ዱባና ማሽላ ነው ያስቀመጥኩት። ሃሎዊን ካለፈ በኋላ እኮ እስከ ታንክስጊቪንግ ዱባው በየቤቱ አለ፣ ያ የምስጋና ነው የመኸር ነው። ዓይንና ጥርስ አልቀረጽኩበትም። ማታ ማኅሌት ደግሞ እማዬ ናት የምትቀሰቅሰኝ አታስብ።

@ሚሚ ካቦቻውን ዛሬውኑ እፈልጋለሁ፣ የምትይውን ለእማዬ አነበብኩላት "ተባረኪ በያት" ብላለች።

መጽሐፍ ቆጥቋጭ

እስቲ እኔም ትንሽ ልናገር ርዕሱ ስለሚያንገበግበኝ። ዓይንና ጥርስ መቅረጹን ያመጡት አይሪሾች ናቸው፣ እዛ ሀገራቸው እያሉ በዱባ አልነበረም በተርኒፕ ነበር የሚቀርጹት፣ ትንሽ የስር አትክልት ናት። አሜሪካ ሲመጡ ዱባ አገኙ፣ ትልቅ ነው ልስልስ ነው፣ በቃ እሱን ያዙ። ስለዚህ ዱባው ራሱ ምንም ጥፋት የለበትም።

ዱባ ደግሞ የተፈጠረው አሜሪካ ነው። ሜክሲኮ ኦሃካ የሚባል አካባቢ ዋሻ ውስጥ የተገኘ የዱባ ዘር ወደ 10 ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው፣ ከበቆሎም በፊት ነው ሰው ያለመደው። ከ1492 በፊት አፍሪካ ውስጥ አንድም ዱባ አልነበረም። ቅል ግን የኛው የአፍሪካ ነው ከጥንት ጀምሮ። እና አራት ኪሎ የጠቀሰው ተረት ሰዎቹ ሳያውቁት ቃል በቃል እውነት ተናግረዋል፣ ሁለቱ አንድ አጥር ላይ ተጠላልፈው እያደጉ አንዱ ከውቅያኖስ ማዶ የመጣ ነው አንዱ የሀገር ልጅ። አበቃቀሉ ለየቅል!

ባለ ጓሮ

@መጽሐፍ ቆጥቋጭ ምን ማለትህ ነው የኛ አይደለም? አያት ቅድመ አያቴ ዱባ ሲበሉ ኖረዋል ወሎ ውስጥ። አሁን ደግሞ ዱባም ከኛ ተወሰደ?

መጽሐፍ ቆጥቋጭ

ወንድሜ ማንም አልወሰደብህም ካካካ። በርበሬም እኮ ከዛው ነው የመጣው፣ በቆሎም፣ ቲማቲምም። ድንች ደግሞ ገና በ1858 እ.ኤ.አ. ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ ነው ያስገባው። ሚሚ የጻፈችውን የወጥ አሰራር ተመልሰህ እየው፣ በርበሬውና ዱባው የአሜሪካ ናቸው፣ ወጡ ግን ያንተ ነው ማንም አይከራከርህም።

የቋንቋ ነገር

በመሀል ልግባና፣ ሁላችሁም ፎል ፎል ትላላችሁ፣ አማርኛ የለውም እንዴ? መዝገበ ቃላት ላይ በልግ ይላል።

ዘጽጌ

በልግማ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ትንሹ ዝናብ ነው፣ ማን እንደጻፈው እንጃ። ትክክለኛው መጸው ነው። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25። ቤተ ክርስቲያን የምትለው ይሄንን ነው።

የቋንቋ ነገር

መጸው ግን አበባ የሚያብብበት ነው እዚህ ቅጠል የሚረግፍበት ነው፣ ወራቱ ቢገጥም ነገሩ ተቃራኒ ነው። አደይ አበባ እና የረገፈ ቅጠል አንድ ስም ይኑራቸው?

የአራት ኪሎ ልጅ

በቃ ፎል በሉት። እናቴ ራሷ ፎል ትላለች። (ሀገር ቤት ግን ፎል ካልሽ ባቄላ ነው የሚመጣልሽ ተጠንቀቂ)

ዱባይ ነኝ ዱባ የለኝም

ስሜን አይታችሁ ሳቁ በነጻ ነው። ዱባይ ቤት ሰራተኛ ነኝ 6 ዓመቴ። የምሰራበት ቤት ፈረንጆች ናቸው፣ በየዓመቱ ልጆቹ ዱባ ይቀርጹና ሳሎን በረንዳ ሁሉ ይሞላል፣ ጽዳቱ የማን እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እዚህ ሀገር ሙቀት ደግሞ የተቀረጸ ዱባ በሁለተኛው ቀን ይሻግታል በሶስተኛው ቀን ውሃው ምንጣፍ ላይ ነው። አምና ግን ሶስት ያልተቀረጹ ተረፉ፣ ማዳም ጣይው አለችኝ፣ ልውሰደው ወይ ስላት በግርምት አየችኝ እና እሺ አለች።

እሁድ እረፍቴ ነው፣ ሶስቱንም በፌስታል ተሸክሜ ሜትሮ ገባሁ ሰው ሁሉ ያየኛል። ዴራ የሚባለው ሰፈር እንጀራ ገዛን፣ የጓደኛዬ ክፍል አምስት ሆነን ሰራነው። ጠረጴዛ የለንም ካርቶን ነው ያነጠፍነው። ቀጤማ የምትለው ወጥ እኛም ጋ ሮጧል፣ ያው አንድ ዘር ዱባ መሆን አለበት፣ ግን ምስር ክክ ጨምረንበት አጠነከርነው። ለእናትሽ ይሄን ንገሪያቸው እህቴ፣ ውሃ ሲበዛበት ክክ ነው መድኃኒቱ።

በነገራችን ላይ አረብኛውም ዱባእ ይላል ግን እዚህ ገበያ ላይ ቀረዕ ነው የሚሉት።

ሚሚ (ዴንቨር)

@ዱባይ ነኝ ክኩን አላሰብኩትም ነበር! አንደኛ ነሽ።

ባለ ታክሲው (ማናሳስ፣ ቨርጂኒያ)

ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ነው የማነበው ግን ዱባ ከተነሳ ዝም አልልም። አምና ከቤቴ ኋላ ባለች ትንሽ ሳር ላይ ዱባ ተከልኩ። እኔ የሌሊት ሹፌር ነኝ ንጋት ላይ ነው የምገባው። ግንቦት መጨረሻ በኛ ማለት ነው ዘሩን አፈር ውስጥ ከተትኩ፣ ሐረጉ በጁላይ አጥሩን ዘሎ ጎረቤት ገባ፣ አበባው ብጫ በብጫ ሆነ። ባለቤቴ ደስ አላት። ከዛ አበባው ይወድቃል ፍሬ የለም። በየቀኑ አምስት ስድስት አበባ መሬት ላይ። ባለቤቴ "ያንተ ዱባ እንደ ወሬህ አበባ ብቻ ነው" ትለኝ ጀመር፣ እንግዳ ፊት ሁሉ።

በኋላ ነው የገባኝ። ዱባ ወንድ አበባና ሴት አበባ ለየብቻ ነው የሚያወጣው፣ መጀመሪያ የሚመጡት ደግሞ ወንዶቹ ናቸው፣ አንዳንዴ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቀድመው። የሴቷን የምታውቋት ከአበባው ስር እንደ ብይ የምታክል ዱባ ይዛ ነው የምትወለደው። እሷ ንጋት ላይ ትከፈታለች፣ ረፋድ ላይ ትዘጋለች፣ አበቃ፣ አንድ ጠዋት ነው ያላት። በዛች ሰዓት ንብ ካልመጣ ያቺ ትንሽ ዱባ ብጫ ሆና ትረግፋለች። የኛ ሰፈር ደግሞ ሳሩን ሁሉ መድኃኒት ይረጩታል ንብ የለም።

ሰው ሁሉ ተኝቶ አበባው ሲከፈት እኔ መኪና እያቆምኩ ነው። በቃ እኔ ንብ ሆንኩ። ወንዱን አበባ ቆርጬ ቅጠሉን ገንጥዬ መሀሉን ያለውን የአበባ ዱቄት ሴቷ ላይ ቀባ ቀባ። የስራ ልብሴን እንደለበስኩ በስልክ መብራት። ጎረቤቴ አንድ ቀን በመስኮት አይቶኝ ምን እንዳሰበ እግዜር ይወቅ። ከዘጠኝ ሶስቱ ያዙ።

ከዛ ደግሞ ሌላ መጣ፣ ኦገስት ላይ አንድ ቀን ሳየው ሐረጉ ሙሉ በሙሉ ጠውልጓል፣ ውሃ አጠጣሁ ምንም። ስሩ አካባቢ እንደ ሰጋቱራ ያለ ነገር ተራግፏል። ትል ነው፣ ግንዱ ውስጥ ገብቶ ከውስጥ ይበላዋል፣ ከላይ ስታየው ግን እስከ መጨረሻው ቀን ደህና ይመስላል። በምላጭ ግንዱን በቁመቱ ሰነጠቅኩት፣ ትሉን አወጣሁት፣ ከዛ የሰነጠቅኩትን ቦታ አፈር አለበስኩት። ዱባ ደግሞ ጥሩነቱ አፈር የነካው አንጓው ሁሉ ስር ያወጣል። ሁለቱ ዱባዎች ዳኑ። አንዱ 14 ፓውንድ ሌላው 9።

አያቴ ልጅ ሆነን ገና ያላደገ ዱባ በጣታችሁ አትጠቁሙ ይረግፋል ትለን ነበር፣ ጠቁመን ስናየው እውነትም ይረግፋል፣ በኛ ጥፋት እየመሰለን ስንቱን ዱባ አልቅሰንበታል። ለካ ንብ ያልደረሰበት ነው። በ46 ዓመቴ ነጻ ወጣሁ።

የአራት ኪሎ ልጅ

"እኔ ንብ ሆንኩ" ይሄን ቲሸርት ላይ ማሳተም ነው። ሚስትህ አሁን ምን ትላለች?

ባለ ታክሲው (ማናሳስ፣ ቨርጂኒያ)

ሁለቱንም ደጃፍ ላይ አስቀምጣ "እኛ ያበቀልነው ነው" ትላለች። እኛ!

ባለ ጓሮ

አንተ 14 ፓውንድ ትላለህ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ሃፍ ሙን ቤይ ላይ 2,749 ፓውንድ የመዘነ ዱባ ቀርቦ አሸንፏል፣ ከ1,200 ኪሎ በላይ ነው ከመኪናህ ብዙም አያንስም። ወጥ ቢሰራበት ሙሉ ወረዳ ነው የሚበላው፣ ግን እሱም ውሃ ነው ይላሉ።

ዲኮር በቤቴ (አሌክሳንድሪያ)

ሰርግና ልደት ነው የምሰራው፣ ስለ ጠረጴዛው ማንም ስላልመለሰላት እኔ ልመልስ። ቀጤማ አንድ ስህተት ሰርተሻል እሱም የብዙዎቻችን ስህተት ነው፣ የፈረንጅ ጠረጴዛ እያየን እንሰራለን። እነሱ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሳህን አለው፣ መሀሉ ባዶ ነው ስለዚህ ዱባ ይሞሉታል። እኛ ግን መሀሉ የትሪው ነው! እንጀራው እዛ ነው የሚቀርበው፣ እጃችን የሚገናኘው እዛ ነው። መሀል ላይ 18 ፓውንድ ዱባ ካስቀመጥሽ እማማ ባይቆርጡትም እሁድ አንቺው ራስሽ ታነሺው ነበር።

እኔ የማደርገው፣ ለመብል የሚቀመጡበትን ጠረጴዛ አልነካውም። ጌጡን ቡና የሚፈላበት ጥግ አደርገዋለሁ፣ ወይ መግቢያው ላይ ያለች ኮንሶል ላይ። ረከቦቱ አጠገብ ነጫጭ ትንንሽ ዱባ፣ ሙዳይ፣ አገልግል ከነማንገቻው፣ ማሽላውን በእንስራ ውስጥ ቀጥ አድርጌ። ቀለም ያለው የደረቀ በቆሎ ይሸጣል፣ ቀዩና ወይነ ጠጁ ከሰፌድ ጥለት ጋር እንዴት እንደሚሄድ አትጠይቂኝ። ጠረጴዛው ላይ የግድ ካልሽ ከክንድሽ ቁመት በላይ አይሁን፣ ሰው ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው ካላየ ጨዋታ አይደምቅም። ሻማ ደግሞ ከደረቀ ማሽላ አጠገብ በፍጹም፣ የባትሪውን ግዢ።

ዱባው እንዲቆይ ከፈለግሽ አትቅረጪው፣ ጭራውን ይዘሽ አታንሺው (ሲሰበር በዛ በኩል ነው የሚበሰብሰው)፣ በትንሽ በረኪና በተቀላቀለ ውሃ ጠርገሽ አድርቂው፣ ከስሩ ካርቶን አድርጊ። ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ ሁለት ወር ከዛም በላይ ይቀመጣል። የተቀረጸ ግን ሳምንት ከሞላ ጎበዝ ነው።

ነርሷ

አንድ ነገር ጣል ላድርግ ዲኮር በቤቴ ስላላነሳችው። እነዛ ዝንጉርጉር ትንንሽ ቅሎች ለጌጥ ብቻ ናቸው፣ እማማ እነሱንም እንዳይሰሯቸው!! መራራ ናቸው፣ ምሬቱ ደግሞ ዝም ብሎ ጣዕም አይደለም፣ ኩከርቢታሲን የሚባል ነገር ነው፣ ሆድ ያቃጥላል ያስመልሳል ያስቀምጣል። ማንኛውም ዱባ ቀምሳችሁ የሚመር ከሆነ በርበሬ አይሸፍነውም ትፉት ድፉት። ቀለም የተቀባም አይበላም።

ቀጤማ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ውይይ ነርሷ ሮጬ ኩሽና ሄጄ ቅሎቹን ቆጠርኳቸው። ሁሉም አሉ። አንዷ ላይ ግን የጥፍር ምልክት አለ።

ቁም ነገር

ሁላችሁም ትስቃላችሁ። ሀገር ቤት እህል የሚያጣ ስንት ወገን አለ፣ እዚህ ለበዓል ማሳመሪያ ተብሎ በሚሊዮን ዱባ ቆሻሻ ይደፋል። እኛም እነሱን መምሰል ጀመርን። ምግብ ጌጥ አይደለም። እናቲቱ ልክ ናቸው ነጥብ።

ዲኮር በቤቴ (አሌክሳንድሪያ)

ወንድሜ ልክ ነህ መጣሉ ያሳምማል፣ እኔም ሰርግ ካለቀ በኋላ የተረፈውን የምሰጠው በግና አሳማ የሚያረቡ ገበሬዎች አሉ፣ ቀለም ያልነካውን ይወስዳሉ። ግን "እነሱን መምሰል" ላይ አልስማማም። እኛ እኮ እንቁጣጣሽ ሲመጣ ቀጤማ እንጎዘጉዛለን፣ አደይ እናስራለን፣ ለደመራ አደይ አበባ ጫፉ ላይ እናስራለን። የቡና ቁርስ ፈንዲሻ ረከቦቱ ዙሪያ የሚበተነው ለሆድ ነው እንዴ? ወቅት ሲቀየር ቤት ማስዋብ ከማንም አልተማርንም።

ቁም ነገር

ፈንዲሻው ይበላል።

ዲኮር በቤቴ (አሌክሳንድሪያ)

ወለሉ ላይ የተበተነውን? ይብላኝልህ ካካካ

ታሚ ከነታንያ

እስራኤል ላይ ደግሞ ዱባ በሮሽ ሀሻና (የአይሁድ አዲስ ዓመት) ማዕድ ላይ በግድ አለ፣ በተለይ ከሰሜን አፍሪካ የመጡት ቤት። ቃራ ይሉታል፣ ቃሉ "ይቀደድ" እና "ይነበብ" ከሚለው ጋር ስለሚመሳሰል የተፈረደብን ክፉ ፍርድ ይቀደድ መልካም ስራችን ፊትህ ይነበብ ብለው ጸልየው ይቀምሱታል። ከጎንደር የመጡት ወላጆቼ ይሄን ሀገራቸው አያውቁትም ነበር፣ እዚህ ነው ያዩት። አባቴ የመጀመሪያ ዓመት ጎረቤት ተጋብዞ ትንሽ ቁራጭ ዱባ በስኳር ሲሰጡት "ወጡስ?" ብሎ ጠየቀ፣ እስከ ዛሬ ሰፈር ውስጥ ይተረታል።

የአራት ኪሎ ልጅ

ማንም ያላነሳው ነገር፣ ፓምፕኪን ስፓይስ። ስታርባክስ በ2003 እ.ኤ.አ. የጀመረው ቡና እስከ 2015 ዱባ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ቅርንፉድ፣ ገውዝ ነው። እሱ እኮ የሻይ ቅመም ነው ጎበዝ! እናቴ ጋ በነጻ።

ሚሚ (ዴንቨር)

በዛ ላይ ቆርቆሮ ውስጥ ታሽጎ የሚሸጠው ዱባ ብዙው ኢሊኖይ ነው የሚበቅለው፣ እሱም ብርቱካናማው ክቡ አይደለም የበተርነት ዘመድ ነው፣ ቡኒ ሞላላ። እነሱም ለሆዳቸው ሲሆን ሌላ ነው የሚመርጡት ማለት ነው። ቀጤማ ካቦቻው ምን ሆነ?

ቀጤማ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እሺ ዜና ላምጣ። ካቦቻ ሁለት ገዛን። እማዬ ቢላዋ አላስገባ ሲላት ደስ አላት፣ "ይሄ ዱባ ነው" አለች ገና ሳትቀምሰው። ትላንት ሰራችው፣ ክድን አድርጋ አላማሰለችም (ሚሚ ሳትነግራት በፊትም አታማስልም ነበር ብላለች ይመዝገብልኝ ብላለች)። የእሁዱን እንግዶች በሙሉ መልሳ ጠራች። ሰባት ሰው መጣ። ወጡ ትሪው ላይ ሲወጣ ከቆመበት አልነቃነቅም። ስሟን አስመለሰች። ታንክስጊቪንግ ዘንድሮም የገና ጾም ውስጥ ነው የሚውለው፣ ተርኪው ይቅርና ይሄንኑ እንሰራለን ተባብለናል።

ጠረጴዛው ደግሞ አሁን የኔ አይደለም። ዲኮር በቤቴ ያለችውን ነግሬያት ሁሉንም ወደ ቡናው ጥግ አዛወረችው። ነጫጮቹን ዱባዎች ረከቦቱ ስር ደርድራ፣ ማሽላውን ሪባኑን ፈታ ጥላ እንደገና በራሷ አሰራር አስራ፣ ስልኬን ተቀብላ ፎቶ አነሳችና ደብረ ማርቆስ ላለችው እህቷ ላከች። በድምጽ የላከችላትን ሰማሁት፣ "ይሄውልሽ እዚህ ሀገር ዱባ ወንበር ይዞ ነው የሚቀመጥ" አለቻት። አክስቴ ደግሞ መልሳ "ዘሩን ላኪልኝ" ነው ያለችው ሌላ ቃል የለም።

እና ዛሬ ከስራ ስገባ በሩ ላይ ሶስት ትልልቅ ዱባ። የጎረቤቴ ናቸው! እማዬ በእጅ ምልክት አነጋግራት ሴትየዋ ሃሎዊን ስላለፈ ውሰጂ ብላ ራሷ ተሸክማ አምጥታላታለች፣ አንዱ ጥርስ አለው። እማዬ ይሄ እኮ ያው ውሃው ነው፣ ወጥ አይወጣውም ስላት "ለወጥ ማን አለሽ፣ ለዘሩ ነው" አለችኝ።

ነርሷ

ቀጤማ ዘር ይዞ አውሮፕላን መግባት ፈቃድ ይፈልጋል፣ ሻንጣ ላይ እንዳይወረስባቸው ቀድመሽ አጣሪ።

ባለ ታክሲው (ማናሳስ፣ ቨርጂኒያ)

ደግሞ እነዛ ዱባዎች የተዳቀሉ ከሆኑ ዘራቸው እናቱን አይመስልም፣ ምን እንደሚወጣ አይታወቅም ንገሪያቸው።

ቀጤማ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ነገርኳት። "የኔም ልጆች እኔን አልመሰሉም" ብላኛለች። ልሂድ በቃ፣ ትልቁን ቢላዋ እየፈለገች ነው።